ሁለት እህተ ማርያም

ውድ ክንፈሚካኤል፣

ከቅኔ ቤት ወጥተህ ፍኖተ ሰላም፣ እኔ የምሠራበት ኮፒ ቤት የመጣህ ቀን መጀመሪያ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ኮምፒውተር ሳይንስ ከምማር ፕሮግራሚንግ ብቻ ብማር አይሻልም?»

«ፕሮግራሚንግ እንዴት እንደሚሠራ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ግን ለምን እንደሚሠራ ያስተምርሃል» አልሁህ።

«አንቺ ለምን እንደሚሠራ ተምረሽ መጣሽ። ታዲያ ምን ሠራሽ?»

የቤቱ ባለቤት እትዬ አልጣሽ ከማሽኑ ጀርባ ሳቁ። «ኮፒ ታነሣለች እንጂ፤ ያውም በሁለት ገጽ» አሉ። ዩኒቨርሲቲ ኮድ የጻፍሁት አብዛኛውን በወረቀት ነው።

ኮፒ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ኮድ ስትማር፣ መብራት ሲጠፋ ሌላው ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ኮዱን እንደ ዳዊት በቃልህ ትወጣለህ። «መጀመሪያ በወረቀት አስበው» ስልህ «ቅኔ በወረቀት ይቆጠራል እንዴ?» ትለኝ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ሳታቆም ትጽፈዋለህ፤ ይሠራልም። እቀናብህ ነበር።

ቡሬ ያለው ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ፕሮግራም ሲፈልግ ብቻህን ሠርተህ ወሰድኸው። እኔ ያየሁት ኋላ ነው። ሰዉን የለየኸው በክርስትና ስሙ ነበር። «የዓለም ስም ይለወጣል፣ ይኸኛው አይለወጥም» ብለሃቸው ነበር አሉ። ዲያቆን ነህና ማንም አልተከራከረህም።

ከሽንዲ በክርስትና ስሟ እህተ ማርያም የምትባል ሴት መጣች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ነርሷ መዘገበች። ቆይቶ ሌላ እህተ ማርያም ከቡሬ መጣች፤ የሷ መረጃ በፊተኛዋ መረጃ ላይ ተጻፈና የፔኒሲሊኑ ማስጠንቀቂያ ጠፋ። የሽንዲዋ በትኩሳት ራሷን ስታ በቃሬዛ ስትመጣ ነርሷ ስክሪኑን አየች። የሚከለክል ነገር አልነበረም። ፔኒሲሊን ወጋቻት። አልነቃችም።

ለሁለት ሰው አንድ መለያ እንደማይሰጥ የተማርሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፤ በወረቀት ተፈትኜ። ያን ቀን ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይሠራም። ቅኔ ቤት ተመልሷል የሚል አለ፣ መተማ ወርዷል የሚልም አለ። ይህን ወደ ቅኔ ቤቱ ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ። ፕሮግራሙን አስተካክዬዋለሁ፤ አሁን እያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ቁጥር አለው። የቀረውን አልነካሁትም፣ ደኅና ነው።

በአርባዋ ሽንዲ ሄድሁ። ባሏ ማን እንደሆንሁ አልጠየቀኝም፤ «እንግዳ ነሽ፣ ግቢ» አለኝ። ቄሱ ለጸሎት ስሟን ጠሩ፤ እህተ ማርያም፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። የትኛዋ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሜላት
ፍኖተ ሰላም