የቀበርነውን ሰው ኩርሙክ ላይ ስለዳራችሁልን

ለክቡር አቶ እዩኤል
የ«ዳቡስ ማዶ» ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የአሶሳ ተመልካቾችዎ ዝናቡ በጊዜው መጥቶልን፣ ማንጎውም ደርሶ መንገዱን ሁሉ ሞልቶት፣ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔ ኪዳኔ እባላለሁ። አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ገበሬ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ከገበያው ዳር ፎቶ ቤት አለኝ። በመልክ ባያውቁኝም በጀርባ ያውቁኛል፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ የሚቀመጠው ሰው እኔ ነኝ። የፎቶ ቤቴና የጁምዓ ልብስ ስፌት ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። እሱ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እኔ ዘንድ የተሰቀሉት ሙሽሮች ከነፍሬማቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። አሁን ጸጥ ብለው ተሰቅለዋል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ድራማውን ላላዩ አንባቢዎች ጁምዓ ማን እንደነበረ ላስረዳ፤ እርስዎም ዘንግተውት ከሆነ በዚያው ያስታውሱታል። ከዓመታት በፊት የልብስ ሰፊ ቤት ፍለጋ ወደ ከተማችን በመጡ ጊዜ የጁምዓን ሱቅ ወደዱ። ሱቁን አይተው ባለሱቁን ወደዱ፤ ተዋናይ ከምናመጣ ራሱ ይጫወት አሉ። ስሙን እንኳ አልቀየሩለትም። ስሙ የራሱ፣ ሱቁ የራሱ፣ ነጩ ጀለቢያ የራሱ፣ ከሱቁ ወደ መኖሪያ ጓዳው የሚያስገባው መጋረጃም የራሱ ሆኖ፣ የበርታው ልብስ ሰፊ ጁምዓ እንዳለ ወደ ድራማዎ ገባ።

በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ጁምዓ ካሜራ ፊት መሆኑን ረስቶ፣ መቀሱ ቢጠፋበት ወደ መጋረጃው ዞሮ «ጣሂራ!» ብሎ ሚስቱን ተጣራ። ጣሂራ በእርግጥም ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። አቤት ልትል አፏን ስትከፍት ከባለሙያዎችዎ አንዷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻት። እርስዎም ወደዱትና እንዳለ ይቅር አሉ። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ ጁምዓ ይጣራል፣ መጋረጃው ዝም ይላል፣ አገር ይስቃል። በገበያችን ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው «ጣሂራ!» ማለት ልማዱ ሆነ። እሷ ግን ሁልጊዜም እዚያው ነበረች፤ ዝም በይ ስለተባለች ዝም ብላ።

ይህን ያህል ካልኩ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ዝምታዎ አመሰግናለሁ። ጁምዓ በበጋው ማብቂያ፣ ኩላሊቱ ለረዥም ጊዜ ካሠቃየው በኋላ አረፈ። በሰፈራችን ወግ፣ ሟች አፈር ከመልበሱ በፊት ኢማሙ ወደ ሕዝቡ ዞረው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይጠይቃሉ፤ ቀባሪውም የሚያውቀውን ይመሰክራል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚለፋው ለዚያች መልስ ነው ብል የተጋነነ አይምሰልዎ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ዳር ቆሜ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን አላስቻለኝም፣ «ደግ ሰው ነበር» ብዬ ከሁሉ በላይ ጮኽኩ። በማግስቱ ከቢሮዎ ተደወለልን። የመጨረሻው ምዕራፍ እስኪጀምር ዜናው በሰፊው እንዳይወራ፣ በመጀመሪያው ክፍል እናንተው በክብር እንደምታነሱት ተነገረን። የድራማው ገጽም አንዲት መስመር ሳያወጣ ቆየ። እኛም አምነን አፋችንን ዘጋን፤ ዝም ማለቱን ከጣሂራ ተምረናልና አልከበደንም።

ሁለተኛው ምስጋና ስለ ሠርጉ ነው። አዲሱ ምዕራፍ በሚጀምርበት እሑድ ቴሌቪዥኔን ተሸክሜ ወስጄ ጁምዓ ግቢ፣ ማንጎው ሥር አቆምኩት። በክብር ይነሳል ስለተባልን፣ እኛ የዋሆቹ የለቅሶ መስሎን ምንጣፍ አነጠፍን። ሴቶቹ ገንፎ አገነፉ፣ ከርከዴ አፈሉ፤ ኢማሙም ዱዓ ሊያደርጉ መጡ። ጣሂራ ዒዳ ላይ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ከቤቷ ሳትወጣ ሐዘኗን የምትጠብቅበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በመስኮት ሆና ታይ ነበር። ሌላ ጊዜ ድራማው ሞቅ ሲል እልም የሚለው መብራት ያን ምሽት ጭራሽ አልጠፋም። ምነው በጠፋ ኖሮ።

የመክፈቻው ሙዚቃ እንዳለቀ፣ ጁምዓ ሚስቱን ጥሎ በኩርሙክ ድንበር ወደ ሱዳን መሻገሩን፣ እዚያም ሌላ ማግባቱን ሰማን። «ለቀባሪው አረዱት» ሲባል እናውቃለን፤ ለቀባሪው ሲድሩለት ግን የመጀመሪያችን ነው። ከዚያ ማዶ ሰው በጦርነት ምክንያት ልጁን አዝሎ ወደ እኛ በሚሸሽበት ዘመን፣ ሙሽራ ሊሆን ወደዚያ የሄደ ብቸኛ ሰው ጁምዓ መሆኑ ነው። ኢማሙ ለዱዓ የዘረጉት እጅ በአየር ላይ ቀረ። ሴቶቹ ገንፎውን ያቅርቡት ወይስ ይመልሱት ግራ ገባቸው። ሰው እየተነሳ ጣሂራን ምን እንደሚላት ቸግሮት ቆመ፤ እሷ ግን ከጭንቀታችን ገላገለችን፣ መስኮቱን ዘጋችው።

ሦስተኛው ስለ አቶ አብዱልረሂም ነው። በጁምዓ ቦታ ያመጡት ይህ አዲስ ገጸ ባሕርይ ጠፍቶ የኖረ ወንድም መሆኑን ድራማው ነግሮናል። ጁምዓ ለእናቱ አንድ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ወንድም ስለሰጡት ቸርነትዎን አደንቃለሁ። ተዋናዩን አልወቅስም፤ የታወቀ ሰው ነው፣ እንጀራው ነው፣ የሰጣችሁትን ተናገረ። የጁምዓን ሱቅ አስመስላችሁ በሠራችሁበት አዲስ አበባ፣ የበርታ ሰው አማርኛ ሲናገር እንደዚያ አፉን አጣሞ እንደማይናገር የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረ ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ምዕራፍ መጨረሻ ለጥንቃቄ ብላችሁ የወሰዳችሁትን የጁምዓን ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጣ። አንገቱን ጣሂራ በእጇ የጠለፈችው ነው። የሟች ልብስ ለማን እንደሚሰጥ በሰፈራችን የምትወስነው ሚስት ናት፤ እርስዎ ይህን ድካም አቀለሉላት።

ከዚያም ያ ሰው በዚያ ጀለቢያ ወደ መጋረጃው ዞሮ «ጣሂራ!» ብሎ ተጣራ።

ክቡር ሆይ፣ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ናት። የባሏን ልብስ የለበሰ ሌላ ወንድ፣ ባሏ ይጠራት በነበረው አጠራር፣ አገር እየሰማ ጠራት። ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ሆና እንደሰማችው አውቃለሁ፤ የእኔ ቴሌቪዥን ድምፁ ትልቅ ነው። በግቢው የሳቀ አልነበረም። ሳቁ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ስለመጣልን በዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛውን ስጽፍ ግን እንደ እስካሁኑ መቀለድ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ምዕራፉ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎች በግ እየጎተቱ መጥተው፣ የጁምዓ ሱቅ ተዘግቶ ቢያገኙት ፎቶ ቤቴ ገቡ። መሪያቸው አቶ ቶኩማ የሚባሉ የባምባሲ ገበሬ ናቸው፤ ጁምዓን የሚያውቁት በቴሌቪዥን፣ አንድ ጊዜም ሱሪ አሰፍተው ነው። ዜናው እንዳይወራ ስላላችሁና ስላልተወራ መሞቱን አልሰሙም። የሰሙት ኩርሙክ ማግባቱን ነበር። ትዳሩ እንዲህ በከንቱ ሊፈርስ አይገባም ብለው፣ ዘመዶቹን ፈልገው ስልኩን ሊቀበሉና ከሚስቱ ጋር ሊያስታርቁት መምጣታቸውን ነገሩኝ። በጉ ለዕርቁ ነው።

በአፌ ልነግራቸው አቃተኝ። ተከተሉኝ ብዬ መቃብሩ ዘንድ ወሰድኳቸው። አቶ ቶኩማ አፈሩን አዩና «እኛ ልናስታርቅ መጣን፤ ለካ ለቅሶ ኖሯል የመጣነው» አሉ። ቀጥለው ጫማቸውን አወለቁ። ከባምባሲ እስከ አሶሳ በመኪናው ውስጥ፣ ይህ ባለጌ ሚስቱን ጥሎ ሄደ እያሉ ሲረግሙት ነበርና፣ ሦስቱም በየተራ ይቅርታ ጠየቁት። እኔ ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዙሬ አለቀስኩ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

በጉን ይዘን ጣሂራ በር ሄድን። በሩን ሳትከፍት ከውስጥ ሆና፣ ለእነሱም ለእኔም አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ጁምዓ ሞተ እኮ። ሌላ አገባ አይደለም። ውሃ መጨረሻ የሰጠሁት እኔ ነኝ።» አርባ ዓመት የተኛችበትን ቤት በር ይዛ፣ ባሏ እንዳልከዳት ለማያውቋት ሽማግሌዎች ማስረዳት ነበረባት።

እንግዲህ ባምባሲ ቅርብ ነውና መጡ፤ አይተው ተመለሱ። በፓዌ፣ በቶንጎ፣ በግድቡ ሥራ ካምፕ፣ በየሻይ ቤቱ ጁምዓን የሚረግመውን ሰው ማን ወስዶ መቃብሩን ያሳየዋል? «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያለ የሚኖር ሕዝብ፣ በእርስዎ የተነሳ ሙት ወቃሽ ሆኖ ይኸው በየእሑዱ ማታ ይወቅሳል። እኛ በጉድጓዱ አፋፍ ቆመን የመሰከርንለት ጥቂት መቶ ሰዎች ነን፤ እርስዎ የመሰከሩበት ግን በአገር ሙሉ ፊት ነው። የጮኽኩት ጩኸት ከእርስዎ ምስክርነት በታች ሆኖብኝ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። ድራማው ሊያልቅ የቀሩት ክፍሎች ጥቂት መሆናቸውን ሰምተናል። ከእነዚያ በአንዱ አቶ አብዱልረሂም የስፌት መኪናውን እየረገጠ ቀና ይበልና «ወሬው ውሸት ነው፤ ጁምዓ ሞቷል፤ ደግ ሰው ነበር» ይበል። ልቅሶ አይጨመርበት፣ ሙዚቃም አያስፈልገውም። ድርሰቱን እንዳያስቸግርዎ እኔው ጽፌልዎታለሁ፤ ስሜም በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ እንዲሰፍር አልፈልግም። ጀርባዬን ማሳየት ለምጃለሁ።

ይህን ቢያደርጉ ከተማው በሙሉ ያመሰግንዎታል፤ የአሁኑ ምስጋና ዓይነት አይሆንም። ባያደርጉም በጸሎታችን አንረሳዎትም፤ ረዥም ዕድሜ እንዲሰጥዎ፣ ቀንዎ ሲደርስም በሚያውቁዎ ሰዎች እጅ እንዲቀበሩ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ሲጠየቅ የሚጮኽልዎ አንድ ጎረቤት እንዳያጡ፣ ከተቀበሩም በኋላ የትም አገር የሚድርዎ እንዳይመጣ ከልብ እንመኛለን።

በጀርባው የሚያውቁት፣ ትሑት ተመልካችዎና የሟች ጎረቤት፣
ኪዳኔ
አሶሳ

ጨምሬ ላሳስብ፦ ጣሂራ ድራማውን መከታተል ትታ ይሆን ብለው እንዳይሰጉ። አዲሱን ምዕራፍ ባታይም የቀደሙትን በስልኳ ታያለች። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ እሰማለሁ፤ ጁምዓ ወደ መጋረጃው ዞሮ ሲጠራት፣ ሳቃችሁ ከመድረሱ በፊት «አቤት» ትላለች። ባለሙያዎ ወደ አዲስ አበባ ስለተመለሰች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም የምታሰኛት የለችም።