ፌንጣን ፊት ወንበር ላይ እንዳያስቀምጡብኝ

ውድ አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ይይዝዎት የነበረው ጉልበትዎስ በእውነት ተሽሎታል ወይስ እማዬ እንዳትጨነቅ ብለው ነው «ተሻለኝ» የሚሏት? መነጽሩን ያደርጉታል ወይስ ኪስዎ ውስጥ እንደተኛ ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን ስለ ሰውነታችን ነው እንጂ የእኔስ ጨጓራ ተልጦ አልቋል። የላጡት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አይቀየሙኝና አንዱ እርስዎ ነዎት።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ገና አፌን ስከፍት ይስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ ደግሞ «በይ ፌንጣዬን አገናኚኝ» ይላሉ። ልጄ ደግሞ አንዴ ስልኩን ከያዘች መልሳ አትሰጠኝም፤ ትዘጋዋለች። ስለዚህ የእረፍት ቀኔን ጠብቄ፣ የወጥ ቤቱን በር ዘግቼ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። በደብዳቤ ቢስቁብኝም አልሰማዎትም።

ነገሩ የተጀመረው የፌንጣ የድሮው የመኪና ወንበር ሲያንሳት ነው። ያ በራሱ ማሰሪያ ትከሻዋንና ወገቧን ጥፍር አድርጎ የሚይዘው ማለቴ ነው። አናቷ ከወንበሩ አልፎ ወጣ፤ ማሰሪያውም ከትከሻዋ በታች ቀረ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅቷን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ በልኳ እንዲያርፍ የሚያደርገው ወንበር ነው። አንድ ወንበር መግዛት ምን ያህል ያስቸግራል ብዬ ነበር። ለካስ በዚህ ቤት ስለ ልጅ ወንበር የማያውቅ ሰው የለም፤ ከእኔ በቀር ሁሉም ሊቅ ነው።

መጀመሪያ የባለቤቴ ወንድም የራሱ ልጆች ያደጉበትን ወንበር ከዕቃ ቤት አውጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ ይዞልን መጣ። አመስግኜ ተቀበልኩት። ቁጭ ብለን ስንጫወት ታዲያ የድሮ መኪናውን ነገር አነሳና ከኋላ ተገጭቶ እንዴት እንደተጨረማመተ ይተርክልን ጀመር። ወንበሩ ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ነበር እንጂ! የተገጨው መኪናው ነው፣ ወንበሩ ምን ሆነ?» አለኝ። ገልብጬ ሳየው ከሥሩ ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል። ግጭት ያየ ወንበር ላይ ልጅ አላስቀምጥም ብዬ ስመልስለት ፊቱ ጠቆረ። ባለቤቴም «ለይሉኝታ እንኳ ተቀብለሽ ኋላ ብትጥይው ምን ነበረበት» ብሎ አኮረፈኝ። ሁለት ጎልማሶች ለአንድ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ሲያኮርፉ አይተው ያውቃሉ? እኔ አየሁ።

ከዚያ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ልጅ እንደሌለው ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ፌንጣን ገና ከማየቱ መደገፊያ የሌለውን፣ ትራስ የመሰለውን፣ የድመት ጆሮ የተሰፋለትን ብድግ አድርጎ «እናቶች ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚወስዱት» አለኝ። የፌንጣ ልብ እዚያው ቀረ። እኔ ግን መኪናችን ውስጥ ሳልሞክረው አልገዛም ብል ዕቃ ሳይከፈልበት ከሱቅ አይወጣም አለ። ብለምነውም ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ ባለቤቴን መያዣ አድርጌ እዚያው ትቼለት ወንበሮቹን በየተራ ወደ መኪናው ተሸከምኳቸው። «ባሏን ለወንበር አስያዘች» እያሉ የሱቁ ሰዎች ሲስቁ ባለቤቴም አብሯቸው ይስቅ ነበር። እሱ ምን ቸገረው፣ ተቀምጧል።

ባለ ድመት ጆሮው ላይ ስትቀመጥ ቀበቶው አንገቷ ላይ አረፈ። ሲያሳክካት ጊዜ በብብቷ ሥር አሳለፈችው፤ እንዲህ ከሆነ መታሰሯ ምን ፋይዳ አለው? ሁለተኛው መደገፊያ ነበረው፤ ግን ከመስፋቱ የተነሳ የቀበቶውን መቆለፊያ ውጦ አስቀረው። ጣቴን ሰድጄ ስፈልግ ጥፍሬ ተሰበረ። ሦስተኛው መደገፊያው ከጆሮዋ በላይ ይደርሳል፤ ጭንቅላቷን በግራና በቀኝ ይይዛል፤ ቀበቶውንም ትከሻዋ መሐል ላይ ያሳልፋል። የታችኛውም ቀበቶ ሆዷ ላይ ሳይሆን ጭኗ ላይ ተኛ። ቀለሙ ግን ጭቃ ነው። ገዛሁት። ፌንጣ የድመቱን ጆሮ አልለቅም ብላ መሬት ላይ ስትንከባለል ሻጩ «ልጅ ማስለቀስ ጥሩ አይደለም» ብሎ መከረኝ። ወንበሩን በአንድ እጄ፣ ልጄን በሌላው ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ ደግሞ አማቴ የወንበሩን ላስቲክ እንዳትነኩት አሉ። አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሲነሳ ይቆሽሻል፣ እንዲህ ከተያዘ ለታናሿም ይሆናል ይላሉ። ታናሽ እኮ የላትም! ላስቲክ ላይ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ታች ትንሸራተትና ቀበቶው ሆዷ ላይ ይወጣል። ይህንን አስረድቼ ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩት። በማግስቱ የመኪናውን በር ስከፍት ወንበሩ በሌላ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ አገኘሁት። አማቴ በረንዳ ላይ ቆመው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ምን ይሏቸዋል? ክፉ አይደሉም፤ ይወዱናል። አንዳንድ ቀን ግን የሚወዱኝ ሰዎች ትንሽ ቢቀንሱልኝ እላለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ፌንጣን ከጭቃው ወንበር ጋር ላስማማት ስል እርስዎ ደወሉ። ወንበሩን እንደማትወደው ነገረችዎት። እርስዎስ ምን አሏት? «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ስመጣ ከጎኔ ፊት ወንበር ነው የማስቀምጥሽ፤ ረዳቴ ነሽ» አሏት። አባባ! ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ልጅ የለም፤ ያለው ረዳት ነው። ሰው ስሟን ሲጠይቃት «የአባባ ረዳት» ትላለች። ረዳት ከኋላ አይቀመጥም፤ ረዳት ወንበር ላይ ሌላ ወንበር አይደረግለትም፤ ረዳት አይታሰርም። ጠዋት ጠዋት መኪናው በር ላይ እጅና እግሯን ዘርግታ እንደ ካስማ ትገተራለች። ጎረቤቱ በመስኮት ያየናል። እኔም ሥራ አረፍዳለሁ።

አሁን የምነግርዎትን ተቀምጠው ያንብቡት። ባለፈው «ፌንጣ ለምን ትኮላተፋለች?» ብለው ሲጠይቁ ባለቤቴ «ስትጫወት ወድቃ ነው» ያለዎት ውሸት ነው። እርስዎን ላለማሳዘን ብሎ ነው። እኔ ግን ይዘኑ እላለሁ። ወደ ትምህርት ቤቷ እየወሰድኳት አደባባዩ ጋ ስንደርስ መቆለፊያውን በገዛ ጣቷ ከፈተችና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ሾልካ ልትመጣ ተነሳች። በመስታወቱ አይቻት «ተቀመጪ!» ብዬ ከመጮኼ ጋሪ የሚገፋ ሰው ድንገት ከፊቴ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ፍጥነት አልነበረኝም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ ልጄ ተወርውራ በአፏ ማርሹ ላይ ወደቀች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ደሙ ልብሴን ሞላው። መኪናውን መሐል መንገድ ላይ አቁሜ፣ አቅፌያት ስጮህ ውሃ ያመጣልን ያው ባለ ጋሪው ነው። ሐኪሙ ከንፈሯን ሰፋው፤ የፊት ጥርሷ ግን ጊዜው ሳይደርስ ወለቀ። ስትሰፋ ምን ትለኝ እንደነበር ያውቃሉ? «ለአባባ እንዳትነግሪብኝ፤ ረዳትነቱን ይከለክለኛል።»

የሚሉኝን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ብለውኛል። ሁላችሁንም ጋቢና ውስጥ ደርድሬ፣ ታናሽሽን ጭኔ ላይ አድርጌ መሪ እያስያዝኩ አሳድጌያችሁ የለም ወይ፣ ምን ሆናችሁ ይላሉ። ምንም አልሆንንም። ግን አባባ፣ ምንም ያልሆንነው ስላልተጋጨን ነው እንጂ ጋቢና ውስጥ ስለተደረደርን አይደለም። እርስዎ ጎበዝ ሹፌር ነዎት፤ ይህንን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። እኔ የምፈራው እርስዎን ሳይሆን ስልኩን እያየ ከፊት ለፊትዎ የሚመጣውን ነው። እሱን መንዳት ያስተማሩት እርስዎ አይደሉም።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ፈረቃዬ ይቀየራል። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጎህ ሲቀድ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ አንሶላው ታጥቦና ተተኩሶ ካልደረሰ አልጋ አይነጠፍም፣ ጩኸቱም በእኔ ላይ ነው። ባለቤቴ እንደሚያውቁት የመብራት መስመር ሲዘረጋ ከከተማ ወጥቶ ያድራል። አማቴ መኪና አይነዱም፤ ቢነዱ ደግሞ መንገዱንም በላስቲክ ይሸፍኑት ነበር። ፌንጣን ወስዶ የሚመልስልኝ ከእርስዎ ሌላ ማንም የለኝም፤ ቢኖርም አልሰጠውም። ይምጡልኝ እያልኩ እለምንዎታለሁ። በአንድ አፍ እየተቆጣሁም እየለመንኩም መሆኔን ይወቁልኝ።

ሲመጡ እንዲህ ነው። ፌንጣ ከኋላ በጎን በኩል እንጂ መሐል አትቀመጥም፤ የመሐሉ ቀበቶ ወገብ ብቻ ነው የሚይዘው። ወፍራም ጃኬቷን መጀመሪያ ያውልቁላት፤ ከጃኬት በላይ የታሰረ ቀበቶ ጠበቀ ሲሉት ልል ነው። የላይኛው ትከሻዋ ላይ፣ የታችኛው ጭኗ ላይ መሆኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ዳቦ ቤት ድረስ ብቻ ነው፣ ቅርብ ነው የሚባል ነገር የለም። በመንገድ ላይ ከፈተችው እንደሆነ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ መልሳ እስክትታሰር ድረስ አይንቀሳቀሱ። ትምህርት ቤት ብታረፍድም ታርፍድ። ላስቲክ ካዩ ይቅደዱልኝ።

ይህ አይሆንልኝም ካሉ ግድ የለም፣ እንደ እንግዳ ይምጡ። አልጋዬን እለቅልዎታለሁ፤ የሚወዱትን ሁሉ አበስላለሁ፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እንኳ በእጅዎ አስረክብዎታለሁ። የመኪናውን ቁልፍ ግን አልሰጥዎትም። ለአባቷ እንዲህ ብላ የምትጽፍ ልጅ ባለጌ ትባላለች። ግን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

እማዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። የከንፈሩን ነገር ግን ቀስ ብለው ይንገሯት፤ ደም ግፊቷን ያውቁታል። ታናሽ ወንድሜን ሰላም ይበሉልኝ፤ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ቁርስ ይብላ፣ በባዶ ሆዱ ሞተር ሥር አይተኛ። አክስቴንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም እንዲሁ፤ ልጇ ስትዳር ባለመገኘቴ እንዳትቀየመኝ። አማቴ አክባሪዎ ነኝ ብለዋል። ባለቤቴም ሰላም ይላል፤ ውሸቱን እንዳጋለጥኩበት ገና አያውቅም።

ፌንጣ ደግሞ በሩን እያንኳኳች ለአባባ ነው ወይ የምትጽፊው ትለኛለች። እሁድ ጠዋት ይደውሉላትና ፊት ወንበር እንደሌለ፣ የእርስዎ ረዳት ከኋላ ታስራ እንደምትሄድ ራስዎ ይንገሯት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ቃሉን የሰጧት እርስዎ ነዎት። ታለቅሳለች፤ ይህንን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ። ስታለቅስ ስልኩን ለእናትሽ ስጪ እንዳይሏት፤ አልቀበልም። እስኪወጣላት ድረስ እርስዎ ይስሟት። እኔ በየጠዋቱ እሰማታለሁ።

የምትወድዎትና የተናደደችብዎት ልጅዎ

ከቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ኅዳር 16 ቀን