የዓይን አፋሯ ሱባኤ

ለውዱ ባለቤቴ ለታዴ፤

ያለህበት ቦታ ብርድም ረሃብም የለም ይላሉና እንደምን ሰነበትክ ብዬ አላስቸግርህም። እኔ ደህና ነኝ። ጥምቀት እንዳለፈ ጥለኸኝ ሄድክ፣ አሁን ደግሞ ጳጉሜ ገባ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብዕር ያላነሳሁት ወሬ አጥቼ አይመስልህም መቼም። ብጽፍ ለቅሶ ብቻ ይሆንብኝ ነበር፤ ለቅሶ ደግሞ አትወድም። ዛሬ ግን የምሥራች ብያለሁ፣ አንተም ካለህበት ሆነህ ምሥር ብይ በለኝ።

ታዴ፣ ረታሁህ! ዓይን አፋር ሴት ናት።

ልደታ ፍርድ ቤት የሰው ክስ ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሬን ከሥሩ ላስረዳ። ከዝዋይ ዓሣ የሚጭነውን መኪና ስትነዳ አንድ ቀን በጀሪካን ውሃ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት የቆሮሶ ዓሣዎች ከነነፍሳቸው ይዘህልኝ ገባህ። እኔ ለመጥበሻም አይበቁም ብዬ ሳቅሁ። አንተ ግን ተክለ ሃይማኖት ሄደህ ብረት አስበየድክ፣ መስታወት አስገጠምክ፣ ሶፋችንን ወደ ጓዳ አስገብተህ በቦታው ገንዳ አቆምክ። እንግዳ ሲመጣ ዱካ ላይ ይቀመጥ፣ ዓሣዎቹ ግን ይንደላቀቁ! ፉርሽካና የተቀቀለ ጎመን እየበሉ አድገው አድገው እያንዳንዳቸው ጫማህን አከሉ።

ትልቁን ባሻ አልከው፣ ደግ አደረግህ። እንደ እሱ ያለ ኩሩ በሰፈሩ አልነበረም። ያስተካከልክለትን ጠጠር አንድ በአንድ በአፉ እያነሳ ወደ ጥግ ይከምራል፤ መልሰህ ስታስተካክልለት እያየህ እንደገና ያፈርሰዋል። ቀይ ሻሼን ሲያይ መስታወቱን በግንባሩ ይገጫል። የቀበሌው ካድሬ ቤት ውስጥ ዓሣ ማኖር የከበርቴ ጠባይ አይደለም ወይ ብሎ ሊመረምረን የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል? ባሻ ሌላኛውን ዓሣ ከጠጠሩ ላይ እያሳደደ ሲያባርረው አይቶ፣ ይሄማ ለይቶለት ፊውዳል ነው፣ መሬቱን በሙሉ ይዞታል ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሲወጣም ባሻ ከላይ ውሃ ተፋበት። አንተ ለመስክ ሄደህ ስትመለስ ደግሞ ያኮርፍሃል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳ ያያል። ዱካህን ስበህ ትቀመጥና በጋብቻ ቀለበትህ መስታወቱን ኳ ኳ ታደርጋለህ። ትንሽ ይግደረደርና እየተወዛወዘ ይመጣል። በሌላ ሰው ኳኳታ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ትንሹን ዓይን አፋር አልከው። ገንዳው ውስጥ ካለው ቧንቧ ኋላ ተወሽቆ ይውላል፣ ባሻ ጠግቦ ዘወር ሲል ቀስ ብሎ ወጥቶ ይበላል። አንተ የባሻ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው አልክ። እኔ ደግሞ ይህች ሴት ናት፣ አስተያየቷን እይ፣ ፈርታው ሳይሆን ንቃው ነው የምትተወው አልኩ። ስንት ዓመት ተሟገትን! እራት እየበላን፣ ቅዳሜ ከስብሰባ ስንመለስ፣ ሰው ቤት ሄደን ሳይቀር። ሴት ከሆነች የገንዳውን ውሃ ዕድሜ ልኬን ብቻዬን እቀይራለሁ ብለህ በጎረቤታችን በእማማ ተዋበች ፊት ማልክ። ምስክሯ በሕይወት አሉ፣ ቃላቸውንም አልቀየሩም።

ባሻ ዱላ ሲያበዛባት መሀል ላይ መስታወት ከትተህ ለየሃቸው። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ድምፅህ አልወጣ ሲል፣ እጄን ይዘህ ያልከኝን አልረሳሁም። ዓሣዎቹን አደራ፣ ማንም እንዳይበላቸው። መስታወቷንም እንዳታነሺ፣ ይጋደላሉ። እሺ አልኩህ።

አንተን ቀብረን ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ሰው እኔን ያባብላል፤ ገንዳው ጋ ግን ማንም አልሄደም። ባሻ መብላት ተወ። ጠጠሩንም አልነካ አለ። በማንኪያ አንኳኳሁ፣ በጥፍሬ አንኳኳሁ፣ ዞር ብሎም አላየኝ። በኋላ ቀለበትህን ከሣጥን አውጥቼ አውራ ጣቴ ላይ አደረግሁና እንደ አንተ ኳ ኳ አደረግሁ። ታዴ፣ ያ ኩሩ እንዴት እንደተወረወረ ብታይ! ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ግራና ቀኝ ፈለገህ። እኔን ሲያገኝ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ጎመኑን በላልኝ። የዚያን ቀን እኔም ራት በላሁ።

ሐምሌ ላይ ግን አንዱን ቃልህን ሻርኩ። ሁለቱም በየክፍላቸው ሆነው መሀል ያለችውን መስታወት ተደግፈው ሲተያዩ ይውላሉ። ብቻን መኖር ምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁና አላስቻለኝም። መስታወቷን አነሳኋት። ከተጋደሉ ልገላግል ብዬ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ቆምኩ። ባሻ ጠቆረ፣ ክንፉ ቀላ፣ ጠጠሩን ቆፍሮ ሳህን የሚያህል ጉድጓድ አወጣና በዚያች ዓይን አፋር ፊት እንደ ሙሽራ ይሽከረከር ጀመር። እንጨቴን አስቀመጥኩ። ሰርግ ላይ ምን ልሁን ብዬ ነው?

ከዚያ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ዓይን አፋር ምግብ ተወች። ወደ ጥጓ ተመልሳ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች፣ አገጯም አበጠ። እማማ ተዋበች መነጽራቸውን አድርገው አዩዋትና እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ አሉ። ዓሣ እንጥል የለውም ብል ማን ይሰማኛል። ጾሙ ሲገባም አለመብላቷ ሲቀጥል፣ እሳቸው ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀየሩ። እመቤቴን! ሱባኤ ይዛለች አሉ። ወሬው ልደታን አዳረሰ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ እየገባ ያያታል፣ ዓሣ ስትጾም እያየ በራሱ የሚያፍርም ነበረ።

ወንድምህ በላይ ግን አልተሸነፈም። ታማለች፣ ባሻንም ትጨርሰዋለች፣ ሳትሞት ጠብሰን እንብላት አለኝ። አደራ አለብኝ ስለው፣ አደራው ለሕያው ዓሣ ነው እንጂ ለሬሳ አይደለም ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። እየከሳች ጀርባዋ እንደ ቢላዋ ሆኖ ነበር። ባሻንም እሷንም ባጣ አንተን ምን ልልህ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀኝ፣ ያን ቀንም ካልበላች የፈለግኸውን አድርግ አልኩት። ቃል ገባሁ። ያ ክረምት ደግሞ መብራት እየሄደ አስቸገረን፤ ገንዳውን የሚያሞቁት አምፖሎችህ በጠፉ ቁጥር ገንዳውን በጋቢህ እጠቀልለው ነበር። ጋቢህ አንተን አንተን ይሸታል። እኔ ጠረንህ እንዳይጠፋ ብዬ አላጥበውም ነበር፤ ለእሷ ግን አልሰሰትኩም።

ጾሙ የተፈታ ዕለት በላይ ከቀበሌ በራሽን ያገኛትን ዘይት በብልቃጥ፣ ሎሚ በኪሱ ይዞ መጣ። እማማ ተዋበችም መጡ፣ ጎረቤቱም ገባ። እኔ ዱካህ ላይ ተቀመጥኩና በቀለበትህ ኳ ኳ አደረግሁ። ወጣች። ቀስ ብላ፣ ያንን ሁሉ ሰው ሳትፈራ እስከ ፊቴ መጣች። አፏንም ከፈተች።

ታዴ፣ ልጆች ናቸው! ጤፍ የሚያካክሉ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ልጆች ከአፏ እየተንዶለዶሉ ወጡ፣ ውሃው በእነሱ ሞላ። በላይ ደንግጦ ወደ መስታወቱ ሲያጎነብስ እሷ አፏን ከፈተች፣ ሁሉም ተመልሰው ሮጠው ገቡ። እማማ ተዋበች ዋጠቻቸው ብለው ጮኹ። በላይ ወደ ኋላ ሲል እንደገና ለቀቀቻቸው። ያኔ እማማ እልል አሉ፣ ጎረቤቱ ተቀበላቸው፣ እልልታው መንገድ ተሻገረ። ባሻ እንኳ ያን ቀን ማንንም ሳያባርር ራቅ ብሎ ቆመ። በላይ ዘይቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ወንድሜ ይህን ሳያይ ብሎ አለቀሰ። በቀብርህ ቀን እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። በዘይቱ ሽንኩርት አቁላልቼ ጾሙን አብረን ፈታን።

ልጅ ሳይሮጥበት የቀረ ቤት ነው እያሉ ሲያዝኑልን እሰማ ነበር፣ አንተም ትሰማ ነበር። አሁን መጥተው ይቁጠሩ። ልጅ የሌለበት ጥግ የለንም።

እንግዲህ ረታሁህ። ሴት ናት፣ መስታወቷም መነሳት ነበረባት። ውሃውን ዛሬም የምቀይረው እኔው ነኝ፤ በርሜሉን ባነሳሁ ቁጥር መሃላህን እየጠራሁ እሰድብሃለሁ፣ ስሰድብህም ደስ ይለኛል። ክርክሩ ባያልቅና አንተ ብትኖር እመርጥ ነበር። ግን ደግሞ አደራህን በልቼ አላሳፈርኩህም፣ ያስበላኝም የለም።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ዱካህን ከቦታው አላነሳም፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ቀለበትህም ከጣቴ አይወጣም። ዛሬ ጠዋት ለባሻ ብዬ ኳ ኳ ሳደርግ፣ እነዚያ ትንንሾቹ ከእናታቸው ተነጥለው በአንድ ላይ ወደ መስታወቱ መጡ። አንተን አንድም ቀን አላዩህም። ድምፅህን ግን ያውቃሉ።

ያንተው አስካለ
ልደታ