ጥቁሩን ያጽዱት

ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ አርብ ገበያ። ጠዋት ውርጭ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ወጥቷል። ቤት ያለነው እማና እኔ ነን። ጎረቤታችን አበራሽ ከገበያ ስትመለስ ጎራ ብላ ነበር፤ ሄዳለች።

ይድረስ ወገዳ ላለችው ታላቅ እህቴ። እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ገብሱስ ታጨደላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እማም እህል ትቀምሳለች። የስልኩ መስመር ከጠፋ ሁለት ሳምንት ስለሆነው ይህን ጻፍሁልሽ። የሚያደርስልሽ ጨው ነጋዴው ላቀው ነው።

ጥርሴን ልታከም ኢስታንቡል መሄዴን ሳትሰሚ አትቀሪም። ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት መንቀል እንጂ መትከል የለም። ልጄ ጽዮን እዚያ አግብታ የለ? ባሏ ጥርስ ሐኪም ቤት ስለሚሠራ ይቀንሱልናል፣ ሥራቸውም የታወቀ ነው፣ የጀርመን ሰው ሳይቀር ለጥርሱ ብሎ እዚያ ይመጣል ብላ ወሰደችኝ። እውነቷን ነው። አምስት ጥርስ ተከሉልኝ። ዛሬ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ወንበሩ ላይ አጋድመውኝ ሐኪሟ አፌን አየችና ከጽዮን ጋር በቋንቋቸው ብዙ ተነጋገሩ። ጽዮን ወደኔ ዘንበል ብላ «እማዬ፣ ጥቁሩን ያጽዱት ወይ?» አለችኝ። የተበላውን ጥርስ መስሎኝ «ያጽዱት እንጂ» አልሁ። ለካ የድዴን ንቅሳት ኖሯል። አደንዝዘውኝ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም። በኋላ መስታወት ሲሰጡኝ ድዴ እንደ አራስ ልጅ ድድ ቀይ ሆኗል። ሐኪሟ መጀመሪያ በሽታ መስሏት ነበር አሉ። ጽዮን ጌጥ ነው ብላ አስረድታታለች። ከዚያ እኔን ጠየቀች፣ እኔም በገዛ አፌ መለስሁ። ታዲያ በማን ልፍረድ? ልጅቱማ «ልጅ ሆንሽ እኮ» እያለች ደስ ብሏታል።

እማ ካምና ጀምሮ ሰው እየረሳች ነው። ስሜን ከረሳች ቆየች፤ ግን ፈገግ ስልላት ድዴን አይታ «የኔ ነካሽ» ትለኝ ነበር። ሁለታችንን ባንድ ቀን የነቀሰችን ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺ ዝም ብለሽ አስጨረስሻት። እኔ ጣቷን ነከስኋትና የግራውን ሳትጨርስ ተወችው። ያ ባዶ የቀረው ቦታ ነበር ምልክቴ።

ከተመለስሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው። እስካሁን «እንግዳዋ» ነኝ። ውኃ ሳቀርብላት «እግዜር ይስጥሽ፣ የሰው ልጅ» ትለኛለች። ዛሬ ደግሞ እኔ እየሰማሁ አበራሽን «ይህች ሴት ደግ ናት፤ ግን ቤቷ አይፈልጋትም ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። አበራሽ ሳቀች። ጥርስሽ እንዲህ አምሮ ማን ይወቅሽ፣ እኔም እኮ ተጠራጥሬ ነበር አለችኝ። እኔም አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ አብሬያት ሳቅሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በእናቴ ቤት ማን እንደሆንሁ ጠፍቶኛል።

አንቺ ባልሽን ጥለሽ ከሄድሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። እማ ስምሽን በዚህ ቤት እንዳንጠራ እንዳስማለችን ታውቂያለሽ። እኔም ላንቺ ስጽፍ ተደብቄ ነው የኖርሁ።

ቅዳሜ። ደብዳቤውን ሳላሽገው አደረ፤ የዛሬውን ልጨምርልሽ።

ጠዋት ተነሥቼ እሳት አነደድሁ። ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁና በጥቂት ቅቤ ለወስሁት። ጽዮን በሰጠችኝ መስታወት እያየሁ ድዴን ቀባሁ። የግራውን ባዶ መተው ነበረብኝ። እጄ አላቆም አለኝና ዳር እስከ ዳር ሞላሁት። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፈገግ አልሁላት።

ብዙ አየችኝ። እጄን ያዘችና በስምሽ ጠራችኝ።

«መጣሽልኝ? ምነው እንዲህ ቆየሽ?»

«አቤት እማ፣ መጣሁ» አልሁ።

ጉንጬን ስትዳብሰኝ ቆየች። ጥላሸቱ ግን በምራቅ ይለቃል፤ አፌን ተጉመጥምጬ ቁርሷን ይዤላት ገባሁ። እማም ፊቷ በርቶ «አንቺ እንግዳ፣ ልጄ መጥታ ነበር፤ በር ላይ አላገኘሻትም?» አለችኝ።

አግኝቻታለሁ፣ ትመለሳለች አልኋት።

እህቴ፣ ላቀው ሰኞ ከናንተ ዘንድ በቅሎውን ጭኖ ወዲህ ይመለሳል፤ ከሱ ጋር ነይ። ቅዱስ ሚካኤል መንገድሽን ይምራልሽ፣ ልጆችሽን ይጠብቅልሽ።

ነካሿ ታናሽሽ