የውጭ እርዳታ ክልክል ነው

ይድረስ ለዓለሙ፣ ባለህበት።

ዓለሜ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት የደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን መጀመሪያ የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የራስ ጤና ይነገራል፣ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ይገባል ብለውናል። የአንተን ጤና የምጠይቅበት መንገድ ስለሌለኝ ይህን አንድ ሥርዓት ዘልዬዋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተለየኸን ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፌ ያስወቅሰኛል፤ ብትወቅሰኝም አልከራከርህም። ዛሬ ጠዋት ግን ልነግርህ የሚገባ ነገር ስለሆነ ምሕረትን ሸኝቼ እንደተመለስኩ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ አዲሱ ዝናብ ሲመታው ከአሮጌው ይበልጥ ይጮሃል። አያፈራም ብለህ ልትቆርጠው የነበረው አቮካዶ አሁን ከእኛ አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል። አንተ ከብስክሌትህ እየወረድክ የምትገፋበትን የሰፈራችንን ዳገት ባጃጅ ሰው ጭኖ ይወጣዋል። ብስክሌትህ እዚሁ አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በየወሩ ዘይት እቀባዋለሁ። የሚነዳው ባይኖርም ዝገት አልፈቅድም።

ምሕረት፣ የመጨረሻዋ ልጃችን፣ አንተ ስታርፍ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሁን እዚሁ ቦንጋ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ፈተና ስታርም አዝና ነጥብ ትጨምራለች፤ በዚህ እንጣላለን። በቀረው ነገር ሁሉ አንተን ነው የወጣችው። ብስክሌት ላይ ከወጣች መውረድ አታውቅም።

ከስምንት ወር በፊት የአራት ቀን የብስክሌት ጉዞ ሊደረግ ነውና ልመዘገብ ነው አለችኝ። ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ዋጫ፣ ከዋጫ ወደ ደካ፣ ከዚያ ተመልሶ ቦንጋ። አስፋልት አይነካም፤ በእግረኛ መንገድ፣ በጫካ ውስጥ፣ ወንዝ በመሻገር ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚተኛበትን፣ የሚበላውንና የሚጠግንበትን በብስክሌቱ ላይ ጭኖ ይሄዳል። ውድድር መስሎኝ ነበር፣ አይደለም አለችኝ። ቀድሞ የደረሰ አይሸለምም፤ የጨረሰ ግን ስሙ በመዝገብ ይጻፍለታል። አሥራ አንድ ሰው ሲመዘገብ የቦንጋ ተወላጅ እሷ ብቻ ነበረች። እኔም መንገዱን በካርታ ባሳየችኝ ጊዜ ወዲያው አወቅሁት። በጤና ረዳትነትህ የክትባቱን ሳጥን ከኋላህ አስረህ፣ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬልህ፣ የምትወጣበት መንገድህ ነው።

ዝግጅቱን ብታይ ትስቅ ነበር። የቡና ሚዛን ተውሳ አምጥታ ያላትን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ መዘነች። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፓምፕ፣ መፍቻ፣ ቀጭን ብርድ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ። ከበደ ያለችውን ታስቀራለች። አንድ ቀን የጥርስ ብሩሿን እጀታ በመጋዝ ከሁለት ስትቆርጠው አገኘኋት። ምን አድርጎሽ ነው ብላት ክብደት ነው አለችኝ። አንተ በዚያው መንገድ የተተኮሰ ሸሚዝ ይዘህ ትሄድ እንደነበር አስታወስኳት። አባዬ ዳገቱን ይገፋ ነበር፣ እኔ ልነዳው ነው አለችኝ። እንግዲያው ቦርሳ ልስፋልሽ አልኳት። በብስክሌቱ ብረቶች መካከል የሚገባውን ባለ ሦስት ማዕዘን ቦርሳ ከአሮጌው የዝናብ ካፖርትህ ሰፋሁላት። ስፌቱ ድርብ ነው፣ ልኩ አልተዛነፈም። ካፖርትህን ሳላስፈቅድ በመቁረጤ ይቅርታህን እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የጉዞውን ደንብ በአንድ ገጽ ያዘጋጀው በቀለ ነው። ታስታውሰዋለህ፤ አራት ነጥብ የሚባል ነገር የማይወድ፣ ገጹን ሙሉ በነጠላ ሰረዝ የሚያያይዝ ተማሪዬ ነበር። ዛሬ የስፖርት መምህር ሆኗል። ደንቡን እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኩት። አራተኛው ቁጥር ላይ «የውጭ እርዳታ መቀበል ክልክል ነው» ይላል። ደስ አለኝ። በየስብሰባው ራስን ስለ መቻልና ከውጭ እርዳታ ስለ መላቀቅ ሲወራ ስለምሰማ፣ በቀለም ይህንኑ የጻፈ መሰለኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ የታሸገ ምግብና የእርዳታ ብስኩት አይያዝ ማለቱ ነው ብዬ በአጠገቡ የትክክል ምልክት አደረግሁበት። ከዚያም በዚያው ደስታ ለሁለት ሰዎች ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱን ዋጫ ላሉት ለእትዬ አስካለ፤ ልጃቸውን በወባ ጊዜ ሦስት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጠህ ያዳንክላቸው ናቸው። ሁለተኛውን ደካ ሱቅ ላላቸው ለጋሽ ኑረዲን፤ ዝናብ በያዘህ ቁጥር የምታድርባቸው። የዓለሙ ልጅ በዚህ ቀን ታልፋለችና ተቀበሉልኝ፣ ታርፍና ትበላ ዘንድ አደራ አልኩ። ሰው በማያውቀው አገር እንኳ ደጅ ሲያልፍ ግባ ይባላል፤ በአባቷ መንገድ ግቢ ሳትባል ትለፍ እንዴ?

ደብዳቤዎቹ በሚኒባስ ሄዱ። በሳምንቱ ጋሽ ኑረዲን ስልክ ደወሉ፤ ያነሳችው ምሕረት ነበረች። በግ ይሻላታል ወይስ ዶሮ ብለው ጠየቋት። አመስግና ዘጋች። ከዚያ የደንቡን ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አራተኛው ቁጥር ላይ፣ በቀይ ምልክቴ አጠገብ፣ ጣቷን አሳረፈች።

«እማዬ፣ የውጭ እርዳታ ማለት ስንዴ አይደለም» አለችኝ።

ከራሷ ውጭ ያለ ማንኛውም ሰው ማለት ነው ለካ። ተዘጋጅቶ የጠበቃትን ምግብ ከበላች፣ ተነጥፎ በቆያት አልጋ ከተኛች፣ ብትጨርስም ስሟ አይጻፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ሁለት ቃል በትክክል ማንበብ አቃተኝ። ሁሉም ለአንቺ ብዬ ነው ልል ስጀምር አቋረጠችኝ። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«አባዬ በሄደበት ሁሉ ሰው ያውቀው ነበር። እኔ የእሱ ልጅ ስለሆንኩ ሳይሆን በራሴ እግር ስለነዳሁ መድረስ ነው የምፈልገው» አለች።

ዓለሜ፣ ይህን ስትል መሬቱን እንጂ እኔን አላየችም። የስምንት ወር የልምምድ ጠዋቷን፣ ጭቃዋን፣ ያቺን የተቆረጠች የጥርስ ብሩሽ አሰብኩ። በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። ሲያየኝ እንደ ተማሪ ብድግ አለ። እኔም ተማሪዎቼ ጥፋታቸውን እንዲናገሩ አደርግ እንደነበረው፣ ቆሜ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጥፋቴን ተናገርኩ። ሳቁን በመሀረብ ሸፈነው፤ ማስነጠስ አስመሰለው፣ አየሁት። ወረቀቱን አገላብጦ ካሰበ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ለአንዷ ብቻ ከሆነ እርዳታ ነው። ለመጣ ሁሉ ከሆነ ግን እንደ ሻይ ቤት ነው፤ ማንም ይገባል።»

ወደ ቤት ስመለስ ምሕረት ግብዣውን አስቀሪ አለችኝ። በስልክ ንገሪያቸው ብትለኝም፣ ደብዳቤ በደብዳቤ ይሻራል እንጂ በስልክ አይሻርም አልኳት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የከበደኝ ያ ሁለተኛው ነው። ለአንተ ወዳጆች፣ የአንተን ልጅ ለይታችሁ አታስገቡ ብሎ መጻፍ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በአምስተኛው ምክንያቱንና የበቀለን ቃል በሙሉ አስረዳሁ፤ ስህተቱ የእኔ እንደሆነም ከሥሩ አስምሬ ጻፍኩ።

የእትዬ አስካለ መልስ በአራተኛው ቀን ደረሰ፤ የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ቃሉን እንዳለ ላስፍርልህ፦ «ልጅሽን ለይቼ አላስገባም። ብስክሌት ይዞ የመጣውን ሁሉ አስገባለሁ። የዓለሙ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች እንዳትነግሪኝ፤ ዓይኗን አይቼ ራሴ እለያለሁ።» ጋሽ ኑረዲን ደግሞ ለብስክሌተኛ ሁሉ ሻይና ዳቦ አለ የሚል ወረቀት ሱቃቸው በር ላይ ለጥፈዋል አሉ። በጉን ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም። በቀለ ይህንን ለአሥራ አንዱም አስታወቀ። ከሐዋሳ የመጣ አንድ ተጓዥ ወዲያው ከምግቡ ግማሹን አራገፈ። ምሕረት የእትዬ አስካለን መልስ ሁለት ጊዜ አንብባ ሳቀች። ከአሥራ አንዱ አንዷ ከሆንኩ ይሁን አለች።

በቀለንም አልተውኩትም። አራተኛውን ቁጥር «ለአንድ ተጓዥ ተለይቶ የሚደረግ ማንኛውም ድጋፍ ክልክል ነው» ብሎ እንዲያርም አደረግሁት። በአራት ነጥብ።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር ተሰለፉ። ጉም ነበር፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ምሕረት ጎማዎቹን በአውራ ጣቷ ተጭና ፈተሸች፤ ማን እንዳስተማራት ታውቃለህ። የካፖርትህ ቦርሳ በቦታው ልክክ ብሏል። እኔም ማሰሪያውን አጥብቄ እጄን ከመቀመጫዋ ኋላ አሳርፌ ቆምኩ። በቀለ ደንቡን ሲያነብ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ማንም ማንንም አይነካም አለ።

ወዲያው በስምንት ዓመቷ ብስክሌት ስታስተምራት ትዝ አልከኝ። እኔ ከበሩ ሆኜ ያዛት፣ ልጄን ልትጥላት ነው እያልኩ ስቆጣህ አንተ መቀመጫውን ለቀህ ኖሯል። አጠገቧ ትሮጥ ነበር፤ መዳፍህ ከመቀመጫው አንድ ስንዝር ርቆ፣ ሳይነካ። ማታ ለምን ለቀቅካት ብልህ ሳቅክ። ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ነገር ቂም ይዤብህ ነበር፤ ዛሬ ሰርዤዋለሁ።

እጄን አነሳሁ። ሄደች። መታጠፊያው ድረስ ወደ ኋላ አላየችም፤ እኔም እጄን አላወረድኩትም።

አሁን የዋጫን መንገድ ይዛ ሳይሆን አይቀርም። በአራተኛው ቀን ስሟ ይጻፍ አይጻፍ እሷና መንገዱ ያውቃሉ። እኔ ግን ዓለሜ፣ በቀረኝ ዕድሜ ብዙ ነገር ብረሳ እንኳ ያንን አንድ ስንዝር አልረሳም።

ባለቤትህ
በላይነሽ