ወደ በሩ የሚበራ ምንጣፍ

ውድ እታለም፣

የላክሽው ምንጣፍ ደርሷል። ደስታዬን የት ላስቀምጠው? ከወንበር ወንበር እየተዘዋወርኩ ሳየው ነው የሰነበትኩት። በእጅ የተቋጠረ የፋርስ ሱፍ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ! መደቡ የበሰለ ሮማን ይመስላል፤ ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ያ ትልቅ አበባ። እሱ ከመጣ ወዲህ መጋረጃው አስጠላኝና አወረድኩት። ሶፋውንም ወደ ግድግዳው ገፋሁት፤ አበባው ላይ ዘፍ ብሎ ሊቀመጥበት ነበራ።

ያነጠፈልን ጎረቤታችን ምንጣፍ አጣቢው ነው። በጫማ የረገጠው ሰው እኔን እንደረገጠኝ ይቁጠረው እያለ ሲያስቀን ዋለ። ከዚያ እጁን ሱፉ ላይ አስኬደና ጸጉሩ ወደ አንድ ወገን እንደተኛ አሳየኝ። ከአንዱ በኩል ሲያዩት ይበራል፣ ከሌላው በኩል ይጠቁራል። የሚበራው ወደ የት ይሁን ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ከአልጋዋ ቀደመችኝ።

«ወደ በሩ። ልጄ ስትገባ ደምቆ ይቀበላት።»

አልጋዋን ሳሎን እንዳወጣንላት ነግሬሽ የለ? በሩን ለማየት ብላ እኮ ነው። ሰው ሻንጣውን አስቀድሞ እንደሚልከው፣ ምንጣፉ ቀድሞሽ የመጣ መሰላት። እኔም አላረምኳት። እንደማትመጪ በስልክ የነገርሽኝን ዋጥ አድርጌ፣ ነጋ ጠባ ምንጣፉን መቦረሽ ብቻ። አልወቅስሽም እታለም። አንቺም ዘንድ የተኛ ባል አለ፤ ከአንቺ ሌላ የሚያገላብጠው የለውም።

ባለፈው ሐኪሙ መጥቶ አያት። መድኃኒቱ ከእንግዲህ ይቅርባት፣ ያማራትን ስጧት ብሎ ሄደ። ምን አማረሽ አልኳት። በሩን ሳይሆን ወለሉን አየች።

«ምንጣፉን ወደ እኔ አዙሪው» አለችኝ።

አጣቢውን ጠርቼ አዞርነው። ቀዩ ፊት ለፊቷ ቦግ አለ። «እንዲህ ነበር እንዴ የሚያምረው?» ብላ ፈገግ አለች። እውነቴን ነው፣ ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ያወረድኩትን መጋረጃ አፌ ላይ ይዤ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ መቼ ትመጣለች ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ምናልባት አንድ ቀን ከመጣሽ፣ ከበሩ ሲያዩት ጥቁር ነውና እንዳትደነግጪ። ጫማሽን አውልቂና እለፊ፤ አልጋዋ የነበረበት ቦታ ሄደሽ ቁሚ። ከዚያ ሆነሽ እዪው።

ታናሽሽ