ስልኩ ያለው ሰኔ ነበር

አስካልዬ፣ እህቴ፣

ከቀበርንሽ ዓመት ሞላ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ ምን እንዳደረጉሽ አውቃለሁ። ገላሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የጎድን አጥንትሽ እንደተሰበረ ቀርከሃ በእጄ ሥር ይንቀሳቀስ ነበር።

ቤትሽ ተዘግቷል፤ ግድግዳውን ምስጥ ጀምሮታል። ባልሽ አርባ ምንጭ ታስሯል። በቀበርንሽ ሰሞን እናታችን እንኳ ስምሽን የምትጠራው በሹክሹክታ ነበር። መንደሩ ሁሉ "ካልበደለችማ አይገድላትም" ይል ነበራ!

አዋላጇ እርጉዞችን የምትመዘግብበት ስልክ ተሰጥቷት ስትመጣ፣ "ልጄ ሳይወለድ ስልክ ውስጥ ገባ" ብለሽ የሳቅሽው ትዝ ይልሻል? የመውለጃ ቀንሽን 18/6 ብሎ አሳየ። የባልሽ ወንድም በትከሻዋ ላይ አጮልቆ "የካቲት 18" ብሎ አነበበው። ወደ ኋላ ቆጠረ፤ ግንቦት ላይ ደረሰ። በግንቦት ባልሽ አዲስ አበባ ሸማ እየሠራ ነበር። ስልኩ በፈረንጅ እንደሚቆጥር፣ ስድስተኛው ወር የእኛ ሰኔ እንደሆነ አዋላጇን አልጠየቃትም፤ ሆድሽ ገና ትንሽ መሆኑንም አላየም። ለወንድሙ ደወለ።

ባልሽ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ወደ አንቺ መጣ። ሆድሽን በጫማው ረገጠው። "የመስቀል ልጅ ነው! ለመስቀል መጥተህ ያረገዝኩት ነው!" እያልሽ ስትጮኺ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። በሩን የከፈተ ግን የለም።

ከቀብርሽ በኋላ ሽማግሌዎች ለእርቅ እርጥብ ሳር ይዘው አደባባዩ ላይ ተንበረከኩልን። ሳር ተይዞ ሲለመን እምቢ አይባልም። እኔ እምቢ አልኩ። የአዋላጇን ስልክ ተቀብዬ ከኋላቸው በቆመው የባልሽ ወንድም አፍንጫ ሥር ደቀንኩት።

"የዛሬውን ቀን አንብብ።"

"28/1" አለ።

"ታዲያ ዛሬ መስከረም ሃያ ስምንት ነው፣ ምሁሩ? ጥምቀትን ያከበርነው ባለፈው ሳምንት አይደለም እንዴ?"

ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ በቡጢ አፌን መታኝ። ጥርሴን ከነደሙ እግሩ ሥር ተፋሁት፤ ሽማግሌዎቹንም "ልጁ የባሏ ነበር በሉ፤ ያኔ ሳሩን እቀበላለሁ" አልኳቸው።

ትልቁ ሽማግሌ አቀርቅረው "ልጁ የባሏ ነበር" አሉ።

"አልሰማሁም" አልኩ።

ጮክ ብለው ደገሙት። እናታችን በሕዝብ ፊት ስምሽን እየጠራች ጮኸች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አላንሾካሾከችም።

ሳሩን ተቀበልኩ። ደም አልመልስም ማለት ነው እንጂ ይቅር ብያለሁ ማለት አይደለም። ከዚያ የጤና ቢሮውን በር ስደበድብ ከረምኩ። "አንቺ ደግሞ መጣሽ?" እያሉ ተሰላቹብኝ፤ አልተውኳቸውም። አሁን የአዋላጇ ስልክ ወሩን በእኛ አቆጣጠር፣ በስሙ ይጽፋል።

ልጅሽ ሊወለድ በነበረበት ቀን፣ ባለፈው ሰኔ አሥራ አንድ፣ አደባባዩ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ዘንድሮም እቆማለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ እቆማለሁ። የባልሽ ወንድም ወደ ገበያ የሚወርደው በዚያ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ የወለቀው ጥርሴ ክፍተት እስኪታየው አፌን ከፍቼ እጮህበታለሁ፦

ሰኔ!

ታናሽሽ